በ2.71 ውጤት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት፦ እግዚአብሔር ያደረገልኝን እመሰክራለሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለእኔና ለቤተሰቤ ያደረገውን እንድመሰክር ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ቃል ገብቼ ነበርና ይህን ጻፍኩ። ዛሬ በአሜሪካ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስጨርስ ግን አማካይ ውጤቴ 2.71 ነበር። ይህ ቁጥር እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ ሰው የተደረገልኝን ነገር በልኩ ሊያየው ስለማይችል ከዚያው ልጀምር።

በአሜሪካ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪውን ይይዛል፣ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ይወስዳል፣ ከዚያም በየትምህርት ቤቱ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ እስኪጠራ ይጠብቃል። በቅርብ ዓመታት ኤም ዲ የሚባለውን የተለመደውን የሐኪም ዲግሪ ወደሚሰጡት ትምህርት ቤቶች የገቡ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ወደ 3.8 የተጠጋ ነው፤ ውጤቱ ከ3 በታች የሆነውን አመልካች ደግሞ ገና ፋይሉ ሳይነበብ የሚጥሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድን ኮርስ በድጋሚ ወስዶ ማለፍም አሮጌውን ውጤት አያጠፋውም፤ ሁለቱም ተደምረው ይሰላሉ። ዲ ኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የተደገመውን ብቻ ይቆጥሩ ነበር፤ እሱም አሠራር በ2017 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ስለዚህ የእኔን ቁጥር ከመዝገብ የሚያወጣው ምንም መንገድ አልነበረም።

አባቴ በዋሽንግተን ዲሲ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል ይወስድበት ጀመር። ከእጥበቱ ወንበር ሲነሣ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ መኪና መንዳት አይችልም፤ እናቴ በአየር ማረፊያ የማለዳ ፈረቃ ገቢ ነበረች፤ ወንድሜ ገና ልጅ ነበር። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርቴ ከአባቴ የእጥበት ሰዓት ጋር በገጠመበት ጊዜ የቱን እንደምመርጥ የሚያጠራጥር አልነበረም። ሌሊት እሠራለሁ፣ ጠዋት አባቴን አደርሳለሁ፣ የቀረችውን ሰዓት አጠናለሁ፤ ውጤቴም የዚያ ኑሮ ውጤት ሆነ።

ሐኪም የመሆን ፍላጎቴ የጸናው ግን በዚያው በእጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ከአባቴ አጠገብ የሚታጠቡ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወገኖች ስለ ነበሩ ሁልጊዜ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። አንድ አዛውንት በደማቸው ያለው ፖታሲየም (ኩላሊት ሲደክም የሚከማች ማዕድን) በዐቢይ ጾም ከፍ እያለ የምግብ ባለሙያዋ ምክንያቱን ልታገኘው አልቻለችም ነበር። አዛውንቱ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትተው በምስርና በቲማቲም ስልስ እንደሚውሉ፣ ጾሙም ከሃምሳ ቀን በላይ እንደሚቆይ ባስረዳኋት ጊዜ፣ ምስርና ቲማቲም ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ነገሩ ግልጽ ሆነላት። አዛውንቱ ከንስሐ አባታቸው ተማክረው አመጋገባቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ሐኪሙ ራሱ የሚያውቅበት ጊዜ እንዲመጣ ከልቤ ተመኘሁ፤ ምኞቱም ጸሎት ሆነ።

በተማርኩበት ኮሌጅ ያነጋገረችኝ አማካሪ ውጤቴን አይታ ሌላ ሙያ እንድመርጥ ነገረችኝ፤ ለሕክምና አመልካቾች የሚጽፈው የኮሌጁ ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጽፍልኝም አስታወቀችኝ። በዚያው ዓመት በፍልሰታ ጾም ከእናቴ ጋር ቅዳሴ እየቆምኩ፣ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ ማመልከቻዬን የሚያየው ሰው ያንን ቁጥር እንዳያየው እለምን ነበር። ይህንን ለንስሐ አባቴ በነገርኳቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያለፈው እንዲሰወርልሽ አትለምኚ። አባትሽን ስታስታምሚ የመጣ ነው፤ ምን ያሳፍራል? አይቶ የሚረዳሽን ሰው እግዚአብሔር እንዲያዘጋጅልሽ ለምኚ፤ አንቺም ተነሥተሽ ተማሪ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የጸሎቴ ቃል ይህ ሆነ። እናቴም ለቁልቢው ቅዱስ ገብርኤል ስለት ተሳለች፤ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበሯ እናቶችም በየወሩ በ21 ሲሰበሰቡ ስሜን በጸሎት ያነሡ ነበር።

ቀን በእጥበት ክፍል ቴክኒሻን ሆኜ እየሠራሁ ማታ ማታ የሳይንስ ኮርሶችን እንደገና መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈለችልኝ እናቴ ናት፤ በዚያ ወር እቁቧ ወጥቶላት ስለ ነበር ሳትቆጥረው ሰጠችኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንም ሌሎቹንም በሙሉ ማለት ይቻላል ኤ አገኘሁ። ሆኖም የቀድሞው ክሬዲት ብዙ ስለ ነበር ይህ ሁሉ ድካም ተደምሮ አማካዩን ያደረሰው 2.95 ላይ ነው። ሦስት እንኳን አልሞላም። ይህንን በዝርዝር የምጽፈው «እግዚአብሔር ውጤትሽን ቀየረልሽ» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው፤ አልቀየረውም፤ ያደረገልኝ ከዚያ የሚበልጥ ነው።

ኤምካት ከ472 እስከ 528 የሚታረም፣ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ፈተና ነው። ለእኔ የከበደኝ ኬሚስትሪው ሳይሆን የንባቡ ክፍል ነው፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ 53 ጥያቄ መመለስ እንግሊዝኛን ካደገ በኋላ ለተማረ ሰው ቀላል አይደለም። 511 አገኘሁ። በዚህ ውጤት ተደስቼ ባመለከትኩ ጊዜ ግን ከሁሉም የእንቢታ ደብዳቤ መጣልኝ። እናቴ አለቀሰች፤ ስለቷን ግን አላጠፈችም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤታቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ገባሁ። በዚህ ትምህርት ተማሪው ከአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ የእነሱን ፈተና ይፈተናል፤ ውጤቱም ከመጀመሪያ ዲግሪው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይታያል። ዓመቱን በመልካም ውጤት ጨረስኩና እንደገና አመለከትኩ፤ በዚህ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ።

ከጠያቂዎቼ አንዱ ፋይሌን አስቀድሞ አንብቦ፣ በየሴሚስተሩ ያለውን ውጤት በእርሳስ አስምሮበት ነበር። ስለ ቁጥሩ እንዳብራራ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «አባትሽ አሁንም በእጥበት ላይ ናቸው። አንደኛ ዓመት ሳለሽ ቢብስባቸው ምን ታደርጊያለሽ?» ወንድሜ አድጎ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ፣ የማኅበሩ ቤተሰቦች ተራ ገብተው አባቴን እንደሚያመላልሱልን፣ እኔም ብቻዬን ሁሉን ልሸከም እንደማልሞክር ነገርኩት። ቀጥሎ ስለ እጥበት ክፍሉ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ጾሙና ስለ ፖታሲየሙም አጫወትኩት። ንስሐ አባቴ «አይቶ የሚረዳሽ» ያሉኝ ሰው ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ በልቤ አወቅሁ። ቁጥሩ አልተሰወረም፤ መስመር በመስመር ታይቷል።

መልሱ ወዲያው አልመጣም፤ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ አስገቡኝ። ቦታ ያገኙ ተማሪዎች በኤፕሪል መጨረሻ አንዱን ትምህርት ቤት ብቻ ስለሚመርጡ ተጠባባቂው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ሜይ አለፈ፣ ጁን አለፈ። ተስፋዬ ሲመነምን የጸሎት ቃል ስለሚጠፋብኝ እናቴ ታነብልኝ እኔ አሜን እል ነበር። የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ በሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፤ ቦታ መገኘቱንና እፈልገው እንደሆነ ጠየቁኝ። አባቴ ያን ጊዜ በእጥበት ወንበር ላይ ስለ ነበር ነርሷ ስልኩን በጆሮው ያዘችለት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። የእናቴን እልልታ ግን የአየር ማረፊያው የሥራ ባልደረቦቿ እስከ ዛሬ ያነሡታል።

እግዚአብሔር ያግዘኛልና ማጥናት አያስፈልገኝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ወይም ያጠናሁት እኔ ነኝና የማመሰግነው የለም የሚል ሰው ይህን ቢያነብ በሁለቱም አልስማማም። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን እንደ ተሸከምኩ ለመማር የሚያስችል ጉልበት የሰጠኝ፣ የእቁቡን ጊዜ፣ የማኅበሩን እናቶች፣ ያንን ጠያቂ ያዘጋጀልኝ ግን እግዚአብሔር ነው።

እናቴ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ገንዘብ ካጠራቀመች በኋላ፣ ለታኅሣሥ 19 ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ ሄዳ ዣንጥላውን አስገብታ ስለቷን ፈጸመች። እኔ ፊቴ ያለው የመጀመሪያው ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ተብሎ ይነገራል። የአባቴ ስም ደግሞ ኩላሊት ከሚጠብቁ ሕሙማን መካከል ተመዝግቧል። ለእኔ ፈተና፣ ለእሱም ለጋሽ እንዲገኝለት፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በጸሎታችሁ አስቡን።