የመጀመሪያዬ የጌም ኮምፒውተር፦ ዕቃ መረጣው የት ደረሰ?

ኮምፒውተሩ ገና አልተገጠመም። ከፊሉ ዕቃ ተገዝቷል፣ ከፊሉ ተመርጦ ገንዘብ እየጠበቀ ነው። በጀቴ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዷን ዕቃ ሳላገላብጥ አልወስንም። እንደኔ የመጀመሪያውን ለመግጠም የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ የመረጥኩትንም የተውኩትንም ከነምክንያቱ ላካፍል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ ቢገዛ ብዙም አይጎዳም። በርካሹ በኩል ግን አንድ ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ዕቃ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ አይጻፍም። ከጎን በኩል፣ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። የመረጣ ሥራዬ በሙሉ እሷን ደቃቅ ፊደል ማንበብ ሆኗል ብል አላጋነንኩም።

የጀመርኩት ከስክሪን ነው። ብዙ ሰው ፕሮሰሰር ላይ ሲከራከር ይቆይና ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ትዝ ይለዋል። ግን ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው ስክሪኑ ነው። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080 ነው፣ ሲባዛ ወደ 2.1 ሚሊዮን ነጥብ ይመጣል። 1440ፒ ወደ 3.7 ሚሊዮን ይጠጋል። 4ኬ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተከታታይ ምስል፣ መሳል አለበት። ጊዜውም አጭር ነው፦ በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈለጋችሁ ለአንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፣ 144 ከፈለጋችሁ 6.9 ብቻ። እኔ 1080ፒ ላይ ረጋሁ። በትንሽ በጀት 4ኬ መመኘት ካርዱንም ራስንም ማሰቃየት ነው።

ከዚያ የምጫወተውን አሰብኩ። እንደ ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉ ፈጣን የተኩስ ጌሞች፣ ሴቲንጉ ዝቅ ሲልና የፍሬም ቁጥር ከፍ ሲል፣ ጫናቸው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ሰፊ ዓለም ያላቸው ባለታሪክ ጌሞች ደግሞ ካርዱንና የካርዱን ሚሞሪ ነው የሚበሉት። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ግን ብሩ ለሁለቱም እኩል አይበቃም፣ ስለዚህ ትልቁን ድርሻ ለካርዱ ሰጠሁ።

ካርድ ላይ ነው የስም ጨዋታው የሚብሰው። ጂቲ 1030 የሚባለውን የኤንቪዲያ ካርድ ውሰዱ። አንዱ ጂዲዲአር5 ሚሞሪ አለው፣ ሌላው ዲዲአር4። ስማቸው አንድ ነው፣ ካርቶናቸውም ሊመሳሰል ይችላል። የመጀመሪያው ሚሞሪ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያመላልስ ሁለተኛው ወደ 17 ገደማ ነው። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት አለ። ሰው ልዩነቱ የሚሞሪ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ባለ 3ቱ ኮሮቹም (ምስሉን የሚያሰሉት ጥቃቅን ክፍሎች) ተቀንሰውበታል፣ ከ1280 ወደ 1152። አርኤክስ 580ም ላይ "2048ኤስፒ" የምትል ጭራ ካያችሁ የተቀነሰው ነው፤ ዋናው 2304 አለው። አርቲኤክስ 3050ም እንደዚያው፦ ባለ 8 ጊጋባይቱ 2560 ኮርና 128 ቢት የሚሞሪ መስመር ሲኖረው፣ በ2024 የወጣው ባለ 6ቱ ወደ 2304 እና 96 ቢት ወርዷል። እውነቱን ለመናገር ባለ 6ቱ የራሱ ጥቅም አለው። 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ በአብዛኛው ተጨማሪ የፓወር ኬብል አይፈልግም፣ ደካማ ፓወር ሳፕላይ ላለው ሰው ያድነዋል። ግን በባለ 8ቱ ዋጋ ከሸጡላችሁ ተበልታችኋል።

የካርድ ሚሞሪ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጌሙ የሚፈልገው ከካርዱ ሚሞሪ ሲበልጥ ኮምፒውተሩ አይዘጋም። የተረፈውን ራም (የኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ) ላይ ያስቀምጥና ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው በፒሲአይ መስመር እየጎተተ ያመጣዋል። መስመሩ ከካርዱ የራሱ ሚሞሪ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ አማካይ የፍሬም ቁጥሩ ደህና እየመሰለ፣ ዞር ስትሉ ወይም አዲስ ሰፈር ስትገቡ ምስሉ ቀጥ ይላል። ግድግዳው መጀመሪያ ድብዝዝ ብሎ ይመጣና ቆይቶ ይጠራል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን የተውኩት በዚህ ነው። ሚሞሪው 4 ጊጋባይት፣ የፒሲአይ መስመሮቹም 4 ብቻ ናቸው። የቀድሞው ትውልድ ፒሲአይ 3.0 የሆነ ማዘርቦርድ ላይ ስትሰኩት ያቺው ጠባብ መስመር ፍጥነቷ በግማሽ ይቀንሳል። ጌም እየተጫወቱ መቅረጽ ለሚፈልጉም ቪዲዮ መቅረጫው ክፍል ጭራሽ የለውም።

የኔ ምርጫ አርኤክስ 6600 ሆኗል። ባለ 8 ጊጋባይት ነው፣ የሚወስደው 132 ዋት አካባቢ ነው፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃዋል። 1080ፒ ላይ አብዛኛውን ጌም በጥሩ ሴቲንግ ያጫውታል። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ የሚስለው ዘዴ) ላይ ደካማ ነው፣ እኔ ግን በዚህ ዋጋ ከየትኛውም ካርድ ሬይ ትሬሲንግ አልጠብቅም። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ የምትሠሩ ከሆነ ወይም የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ኩዳ የሚባለውን የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ የሚፈልግ ከሆነ ግን እኔን አትስሙኝ፣ ወደ ኤንቪዲያ ሂዱ።

ፕሮሰሰር ላይ ሦስት ወንድማማቾች ግራ ያጋባሉ፦ ራይዘን 5 5600፣ 5600ጂ እና 5500። ሦስቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው የሥራ መስመሮች) አላቸው፣ ሦስቱም ኤኤም4 በሚባለው የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ሶኬት ላይ ይገባሉ። 5600 ግን 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ሲኖረው ሁለቱ 16 ብቻ ነው ያላቸው። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ ራም ድረስ ሳይሄድ አጠገቡ የሚያገኘው ሚሞሪ ነው፣ ጌም ደግሞ ካሽ ይወዳል። 5600 ፒሲአይ 4.0 ነው፣ ሁለቱ 3.0 ላይ ቀርተዋል። የ5600ጂ ጥቅሙ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ነው። ካርድ እስክትገዙ ድረስ ቀለል ያለ ጌም እየተጫወታችሁ ልትቆዩ ትችላላችሁ። 5600 እና 5500 ካርድ ከሌለ ምስል አያወጡም። ኢንቴል በኩል "ኤፍ" የምትለዋ ፊደል ይህንኑ ነው የምትነግራችሁ፤ 12100ኤፍ ወይም 12400ኤፍ ከሆነ ግራፊክስ የለውም።

ብዙ ሰው "ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ግዛ፣ አይ7 እኮ ነው" ብሎኛል። አይ7 የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። በ2013 የወጣው ኮር አይ7 4770 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው። በ2022 የወጣው ኮር አይ3 12100ኤፍም 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው፣ ፍጥነቱ ግን አይወዳደርም፣ አይ3ቱ ጥሎት ይሄዳል። አሮጌው ዲዲአር3 ራም ላይ ነው የቀረው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ አይደግፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደህንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አላስገባም ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላያቸው ትንሽ ነው፣ የኬብል መሰኪያውም የራሳቸው ስለሆነ በሌላ አይቀየርም። ኬዙ ቀጭን ከሆነ መደበኛ ካርድ አይገባም። ካርዱን የሚችል ሙሉ ታወር ካገኛችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

"ለምን ኤኤም5 አልሄድክም?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አቅም ያለው ሰው ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ከኤኤም4 በኋላ የመጣው አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት እሱ ነው፣ ወደፊት የሚወጣ ፕሮሰሰር ይቀበላል። ግን ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ማዘርቦርዱም ራሙም ሲደመር ከካርዱ ድርሻ ላይ ይቆርጣል። ስለወደፊቱ የሚወራውን ሰምቶ የዛሬውን ካርድ ማሳነስ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የሚሆነው። ኤኤም4 ላይም ቢሆን በኋላ እንደ 5800ኤክስ3ዲ ያለ ፕሮሰሰር ያገለገለ ገዝቶ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል።

ማዘርቦርዱ ቢ550 ነው። ኤ520 ይረክሳል፣ ግን ፒሲአይ 3.0 ላይ ያቆማል። ቢ450 ደህና ነው፣ ነገር ግን ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ 5000 ተከታታይ ፕሮሰሰር ሲገባበት አይነሳም። ፕሮሰሰር ሳይገጠም ከፍላሽ ላይ ባዮስ ማደስ የሚያስችል ቁልፍ ከኋላው ካለው ችግር የለም። ያገለገለ ስትገዙ ይህን ቁልፍ ፈልጉ።

ራም 16 ጊጋባይት፣ በሁለት ባለ 8። አንድ ባለ 16 ገዝቶ "በኋላ እጨምራለሁ" ማለት ያጓጓል፣ ግን አንድ ራም ብቻውን በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው፣ ጌም ላይም ያስታውቃል። አራት ስሎት ካለ ከፕሮሰሰሩ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰኩት፣ የቦርዱ ማኑዋል ላይ አለ። ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፣ 3200 የሚል ራም ሰክታችሁ ስላበራችሁ ብቻ በ3200 አይሮጥም። ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን ካላበራችሁ 2133 ወይም 2666 ላይ ተኝቶ ይኖራል። ካበራችሁ በኋላ ደግሞ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ላይ 1600 ብታዩ አትደንግጡ። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ እዚያ የሚታየው 1600 ማለት 3200 ነው።

ፓወር ሳፕላይ ላይ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ አልቆጨኝም። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እዩ። የዛሬ ኮምፒውተር ኃይሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ለምሳሌ ካርቶኑ 500 ዋት ይልና የ12 ቮልቱ አምፔር 25 ሊሆን ይችላል። 12 ሲባዛ 25፣ 300 ዋት። ቀሪው ብዙም የማትጠቀሙባቸው የ3.3 እና የ5 ቮልት መስመሮች ላይ ነው የተቆጠረው። ደህና የሆነ ባለ 500 ዋት ግን በ12 ቮልት ብቻ ወደ 500ው ይጠጋል። "80 ፕላስ" የሚለው ምልክትም የሚናገረው ከግድግዳ ከሚወስደው ኃይል ስንት እጅ እንደማይባክን ነው። ከመጠን በላይ ጫና ወይም ሾርት ሲመጣ ራሱን ያጠፋል ወይ የሚለውን አይነግራችሁም፣ ያንን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ 65 ተብሎ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ ሲደመሩ ሁሉም ከ300 ዋት አያልፉም። ስለዚህ ጥሩ 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው፣ በስም ብቻ 750 ከሚባለው አስር እጅ ይሻላል። ሞጁላር (ኬብሎቹ የሚነቀሉ) ከሆነ ደግሞ የሌላ ፓወር ሳፕላይ ኬብል አትሰኩበት። ጫፉ ልክ ቢገባም በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር እንደየሞዴሉ ይለያያልና ዕቃ ያቃጥላል።

ዲስክ ላይ ብዙ አልደከምኩም። ኤስኤስዲ መሆኑ ግድ ነው። ሳታ የሚባለውን የቆየ ማገናኛ የሚጠቀም ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ በፒሲአይ 3.0 የሚሄደው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት እስከ 3500። አብዛኛው ጌም ላይ በሁለቱ መሃል ያለው የመክፈቻ ጊዜ ልዩነት ከቁጥሩ ያንሳል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ኤንቪኤምኢ ወሰድኩ። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ቅርጽ ያለው ሁሉ ግን ኤንቪኤምኢ አይደለም፣ ሳታ የሆነም አለ። እዚህም ደቃቋን ፊደል አንብቡ።

አሁን የቀረኝ ካርዱና ኬዙ ነው። ካርዱን ያገለገለ ነው የምገዛው። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ካላሳየኝ አልገዛም። መጀመሪያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ ስሙን፣ የኮሩን ብዛትና ሚሞሪውን ከትክክለኛው ጋር አስተያያለሁ፤ አርኤክስ 6600 ከሆነ ሼደሩ (ኮሩ ማለት ነው) 1792፣ የሚሞሪ መስመሩ 128 ቢት መሆን አለበት። ባዮሳቸው ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጡ አሮጌ ካርዶች አሉና። ከዚያ ከባድ የ3ዲ ቴስት አስነስቼ ለግማሽ ሰዓት አየዋለሁ፦ ሙቀቱ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል ወይስ እየወጣ ነው፣ ፋኑ ይንጫጫል፣ ስክሪኑ ላይ የማይገባ ቀለም ወይም ነጠብጣብ ይመጣል? የዊንጮቹ ራስ ከተፋቀ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስቱን ለመቀየር ከሆነ ደግ ነው፣ ግን እጠይቃለሁ።

ኬዝ ላይ የምፈልገው ፊት ለፊቱ መረብ የሆነና ካርዱ በርዝመቱ የሚገባበት ብቻ ነው። ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነው ያምራል፣ ግን አየሩ በየት ይገባል? ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው አነስ ያለ ኬዝ ላይ ባለ ሁለት ፋን ካርድ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከታች ያለው ክፍተት ስንት እንደቀረ ንገሩኝ።