ቁራጭ ዕድሜው ስንት ነው?

ዛሬ መቀስ ይዤ ወደ ጓሮ የወጣሁት የሚገረዝ ነገር ኖሮ አይደለም። ንዴት ነው ያስወጣኝ። የምን ንዴት እንደሆነ ይቆየን። ጽጌረዳዋ ላይ ተወጣሁት።

የቆረጥኩትን መጣል ግን አልሆነልኝም። የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን፣ አበባ ያልያዙትን ለመትከል መረጥኩ። አበባ የያዘ ቁራጭ ጉልበቱን ለአበባው እየሰጠ ሥር ለማውጣት ይለግማል። ርዝመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት። ከላይ ጥቂት ቅጠል ትቼ ሌላውን አነሳሁ። ሥር ሳይኖር ቅጠል ማብዛት ገቢ ሳይኖር ወጪ እንደማብዛት ነው። እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክቼ በላስቲክ ሸፈንኳቸው።

ስትተክሉ ላይና ታቹን እንዳትገለብጡት። ሥር እንዲወጣ የሚያደርገው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ከጫፍ ወደ ታች እየወረደ የተቆረጠው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። እንጨቱ ከእናቱ ተለይቶም ላይና ታቹን አይረሳም ማለት ነው። ሌላስ የማይረሳው ምን ይኖር ይሆን?

አይቪን ውሰዱ፣ ግድግዳ የሚወጣውን ሐረግ። ለጋ ሳለ ያገኘው ላይ ሁሉ ይንጠላጠላል። ሲጎለምስ መውጣቱን ይተዋል፤ የቅጠሉ ቅርጽ ይለወጣል፤ ያብባል። ከጎለመሰው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብትተክሉ የሚበቅለው ሐረግ አይሆንም። ቁጥቋጦ ሆኖ እዚያው ቁጭ ይላል። አዲስ ሥር፣ አዲስ አፈር፣ ልጅነት ግን የለም!

ታዲያ የቁራጭ ዕድሜ ከየት ይቆጠራል? ቅድም ‹‹ከእናቱ›› ያልኩትም ልክ አይደለም። ልጇ መቼ ሆነና፤ ራሷ ነች። ሎምባርዲ ፖፕላር የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ወንድ ነው፤ ራሱ ዘር አይሰጥም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው በቁራጭ ነው። በየመንገዱ ዳር የተደረደረው ሁሉ አንድ ዛፍ ነው ልበል? አንዱ ሲወድቅ ማን ሞተ ይባላል?

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስትሄድ ከዚችው ጽጌረዳ ቆርጣ ወስዳለች። እንደያዘላት ሰምቻለሁ። የኔዋ ብትደርቅ ሞተች ነው የምለው ወይስ እሷ ጋ አለች? ደውዬ ልጠይቃት ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ‹‹አንተ ደግሞ! ደህና ነሽ ወይ ለማለት ፖፕላር ድረስ መሄድ ነበረብህ?››

ምን ብዬ እመልስላታለሁ?