ሐይቅ ዳር፣ ጫማዬን አውልቄ

ባሕር የሌለው ሀገር ልጅ አሸዋ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ጫማውን ያወልቃል። ዛሬ ከደሴ በሚኒባስ ሐይቅ ወርጄ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነች መንገድ ስንት ዓመት «እሄዳለሁ» ስል ከርሜያለሁ!

ከግርግሩ ራቅ ብዬ ጠባብ አሸዋማ ዳርቻ አገኘሁ። ሰው የለም። ጥቋቁር ዓሣ በል ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው እንደ ታጠበ ልብስ ድንጋይ ላይ ተሰጥተዋል። ላባቸው ውሃ ስለሚይዝ ጠልቀው ሲወጡ ፀሐይ መሞቅ አለባቸው። ራሰ ነጩ ንስር አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም። ስልኬን እስካወጣ ዓሣውን ነጥቆ ሄዷል (የኔ ካሜራ መቼም ቀድሞ ነቅቶ አያውቅም)።

ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት። ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይገባል።

መረብ የሚጠግኑ አባት ቆሜ ሲያዩኝ «አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሐይቁ ተወላጅ እንዳልሆነ፣ አምጥተው የጨመሩት እንደሆነ ያወሩልኛል፤ እጃቸው ግን መረቡን አይለቅም። ሚኒባሱ አመለጠኝ። ሁለተኛውም።