«ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል»

ባር ላይ የሚሠራ ሰው ከሰካራም ይልቅ የሚፈራው የተመለሰ ብርጭቆ ነው። የሰከረ ሰው ሲነጋ ይረሳዋል። የተመለሰ ብርጭቆ ግን «ፎርጅድ ይሸጣሉ» የሚል ወሬ ይዞ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህን ወሬ ለማመን ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

የምሠራው ከስታዲየም ብዙም የማይርቅ ሆቴል ውስጥ ነው። አንድ አርብ ማታ፣ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት፣ አስተናጋጇ አንድ ዳብል መልሳ አመጣች።

«ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል ብለዋል፤ አንከፍልም ነው የሚሉት» አለችኝ።

ላፍሮይግ የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ ነው፣ በርሜል ውስጥ 10 ዓመት የቆየው። ያዘዙት ሰውዬ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። ሌላ ጊዜ የሚጠጡት ለስለስ ያለ ውስኪ በአምቦ ውሃ ነው። የዚያን ቀን ግን እንግዳ ይዘው ስለመጡ ሜኑውን በዋጋ አነበቡት መሰለኝ። እንግዳ ሲኖር ምላሱን የሚያማክር ሰው ብዙ አላየሁም።

ሱፐርቫይዘራችን ደረሰ። አሸተተና ፊቱን አኮማተረ። «ተበላሽቷል። ጠርሙሱን አንሳው» አለ። ጠርሙሱን ያን ዕለት ማታ ማኅተሙን የከፈትኩት እኔው ነኝ። አስር ብከፍትም የሚሸተው ያው ነው። ይህንን ግን በዚያ ግርግር መሀል ለማን አስረዳለሁ?

በዚህ መሀል ዋናዋ ምግብ አብሳያችን በረዶ ፈልገው መጡ። ስንጨቃጨቅ አይተው ብርጭቆውን ተቀበሉንና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይሄማ የታጠነ ጋን ነው» አሉ። «በጥንጁት አይደለም እንጂ ታጥኗል።»

ብርጭቆውን ይዤ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሚሸትዎት ጭስ ነው። ሆን ተብሎ የገባ ነው» አልኳቸው። ለጠላ የምናጥነው ጋኑን ነው። እዚያ የሚታጠነው ብቅሉ ራሱ ነው። መጠጡ የሚመጣው አይላ ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት ነው። ደሴቷ ዛፍ ብዙም ስለሌላት የዱሮ ማገዶዋ ፒት ነው፤ ረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት የተከማቸ የበሰበሰ ሣርና ሥራሥር። ቆርጠው ያደርቁታል፣ ከዚያ የበቀለውን ገብስ በጭሱ ያደርቁበታል። ጭሱ አንዴ ብቅሉ ላይ ካረፈ በኋላ ተጣርቶም፣ በርሜል ውስጥ አስር ዓመት ተቀምጦም አይለቅም።

ጋሼ ዝም አሉ። እንግዳቸው ግን ጠያቂ ሰው ነበር። «እሺ ጭሱስ ይሁን። የሆስፒታሉ ሽታ ከየት መጣ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የፒት ጭስ ውስጥ ፌኖል የሚባል ኬሚካልና ዘመዶቹ አሉ። ፌኖል ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ግላስጎው ውስጥ ቁስል ማጽዳት የጀመረበት ነገር ነው። እዚያው ስኮትላንድ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼ አፍንጫ አልተሳሳተም። ይህንን ስነግራቸው ነው ፊታቸው የተፈታው። ቅድም ሁላችንም ውስኪ እንደማያውቁ አድርገን ነበር የምናያቸው።

እንግዳው ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨመረበት፤ በረዶውን ከልክዬው ነበር፣ በረዶ ሽታውን ይገድለዋል። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ጨው ጨው የሚልና ባሕር ባሕር የሚሸት ነገር አለው። ቆየት ሲል ጣፋጭ፣ ቫኒላ መሳይ ነገር ይመጣል፤ እሱ ቀድሞ የአሜሪካ ቦርቦን ከነበረበት በርሜል የተረፈ ነው። እንግዳው ብርጭቆውን ጨረሰው። ጋሼ አንዴ ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የለመዱትን በአምቦ ውሃ አዘዙ። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ከፈሉ።

ከዚያ ወዲህ ጭስ ያለው ሲታዘዝ ከመለካቴ በፊት ቡሹን ለደንበኛው አስሸትታለሁ። ፊቱን ካጨማደደ ሌላ እጠቁማለሁ። ሜኑው ላይም ማስታወሻ ይጨመር ብዬ ጠይቄ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ «ጭስ ጭስ የሚል» የሚለውን ፈቀደ። «ሆስፒታል» የሚለውን ግን በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም አለ።