አንድ አስከሬን በዝቷል

ንጉሡ ያሰቀለው 94 ሰው ነው። መነኩሴው አስከሬኖቹን ሊገንዙ ወደ ግንቡ ይሄዳሉ። ይቆጥራሉ፣ 95 ይሆንባቸዋል። ተሳስቼ ይሆናል ብለው እንደገና ይቆጥራሉ። አሁንም 95።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፎ የሚተኛ ሰው ካለ ጎበዝ ነው። እኔ አልቻልኩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ በማግስቱ ሥራ ላይ ዓይኔ እየተከደነ ዋልኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1138 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ እስጢፋኖስና የአጎቱ ልጅ ማቲልዳ ዙፋኑ የኔ ነው የኔ ነው እየተባባሉ አገሩን ያምሱት ነበር። ንጉሡ ሽሩስበሪ የምትባለውን ከተማ ከበበ፣ ግንቡን ሰብሮ ገባ፣ ለማቲልዳ ያደሩትን ተከላካዮች አሰቀላቸው። እስከዚህ ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎች የመዘገቡት እውነት ነው። 95ኛው ሰው ግን የደራሲዋ ነው። ሌሎቹ በገመድ የተሰቀሉ ናቸው፣ እሱ ከኋላው በቀጭን ሲባጎ ታንቆ ነው የሞተው። አንዱ ሰው ገድሎ ሬሳውን ሬሳ መሃል ጥሎት ሄዷል። ማን ይቆጥራል ብሎ።

አባ ካድቫይል ቆጠሩ።

(እንግሊዞቹ «ወንድም» ነው የሚሏቸው። እኔ ግን ቆብ የጫነ ሰው ሳይ «አባ» ካላልኩ አፌ አይፈታም። ስሙንም በእንግሊዝኛ በ«ፍ» እያነበቡት ነው እንጂ በዌልሽ «ቭ» ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ዌልሽ ናቸው፣ ስለዚህ ካድቫይል።)

ደራሲዋ ኤሊስ ፒተርስ ትባላለች። ማለቴ መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ይላል እንጂ የወላጆቿ ስም ኢዲዝ ፓርጄተር ነው። «ኤሊስ»ን ከወንድሟ ወሰደች፣ «ፒተርስ»ን ደግሞ ከቼክ ወዳጆቿ ልጅ ስም አወጣች። ታሪካዊ ልብወለዶቿን በራሷ ስም ታሳትማለች፣ የወንጀል ምርመራዎቹን በብዕር ስሙ። አንድ ሰው ሁለት ደራሲ ሆኖ መኖር! እኔ በአንድ ስሜ የምጽፈውንም በቅጡ መጨረስ አቅቶኛል።

የተወለደችው በ1913 ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ ሆርስሄይ የምትባል መንደር ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ከትምህርት ቤት እንደወጣች አካባቢው ያለች ዶውሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ተቀጠረች፣ ሰባት ዓመት ያህል እዚያ ሠራች። ቀን መድኃኒት እየሰጠች ማታ ትጽፋለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1936 ወጣ፣ በኔሮ ዘመን ሮም ላይ የተመሠረተ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል ገባች፤ በአትላንቲክ ላይ የሚሄዱት መርከቦች እንቅስቃሴ የሚመራበት ሊቨርፑል ውስጥ የቴሌፕሪንተር ሠራተኛ ሆነች። ሌሊት ሌሊት የሚንጣጣውን ማሽን አስቡት። በ1944 ለአገልግሎቷ ሜዳሊያ ተሸለመች።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ቼኮዝሎቫኪያ ሄደች። አገሩንም ሰዉንም ወደደችው። ሰው የወደደውን አገር ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ይለቅማል፤ እሷ ራሷን በራሷ አስተምራ የቼክ ሥነ ጽሑፍ ተርጓሚ ሆና ቁጭ አለች። ቦሁሚል ህራባል ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ወጣት ሠራተኛ የጻፈውን ዝነኛ አጭር ልብወለድ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው እሷ ናት። ይሄን ሳውቅ ደንግጫለሁ። ያንን መጽሐፍ ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ፣ የተርጓሚውን ስም ግን ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። ተርጓሚን ማን ያያል።

በ1951 ደግሞ ጆርጅ ፌልስ የሚባል ፖሊስ ፈጠረች። እሱና ቤተሰቡ በ13 ልብወለዶች ውስጥ አሉ፣ አንዱ በ1963 የአሜሪካ የምሥጢር ደራሲያንን ትልቁን የኤድጋር ሽልማት አስገኝቶላታል። ሁለት ሦስቱን አንብቤያለሁ፣ ደህና ናቸው። ከዚያ ያለፈ የምለው የለኝም።

ልቧ ግን ታሪክ ላይ ነበር። በዌልስ ድንበር ስለሚኖር አንድ ድንጋይ ጠራቢ ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ጻፈች፣ ቀጥሎ ስለ መጨረሻው የዌልስ መስፍን ስለ ሊዌሊን አራት። የሊዌሊኑ አራተኛ ክፍል የወጣው በ1977 ነው። የአባ ካድቫይል የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣውም በዚያው በ1977። አስተውሉ፣ ሴትዮዋ 60 ዓመት አልፏታል፣ 40 ዓመት ጽፋለች፣ ዓለም በደንብ የሚያውቃት ገና ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሁሉ ዓመት ለአንድ መነኩሴ የሚሆን ዕቃ ስትሰበስብ ነው የኖረችው። አባ ካድቫይልም ዘግይተው የገቡ ናቸው። በወጣትነታቸው መስቀል ጦርነት ዘምተዋል፣ ከዚያ መርከበኛ ነበሩ፣ ሴትም ወድደዋል፣ ቆብ የጫኑት 40ን ካለፉ በኋላ ነው። በገዳሙ ሥራቸው ዕፀዋት መትከልና መድኃኒት መቀመም ነው። ጎጇቸው ውስጥ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የደረቀ ቅጠል፣ በእሳት ዳር የሚንተከተክ ሽሮፕ፣ በየመደርደሪያው ብልቃጥ። የዶውሊው ፋርማሲ ማለት ነው፣ 800 ዓመት ወደ ኋላ ተወስዶ።

ይሄ በደንብ የሚታየው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። «የመነኩሴ ቆብ» የሚሏት አበባ አለች፣ ቅርጿ ቆብ ስለሚመስል። ሥሯ ከዘይት ጋር ተቀምሞ ቆዳ ላይ ሲታሽ የሽማግሌ መነኮሳትን መገጣጠሚያ ያሳርፋል፤ ቢዋጥ ግን ይገድላል። አንድ ሰውዬ ምሳ በልቶ ይታመማል፣ አባ ካድቫይል ሊያድኑት ይጠራሉ፣ ሮጠው ይደርሳሉ። ጎንበስ ሲሉ ያወቁት ነገር ገዳይ ነው፦ ሰውዬውን የጨረሰው ራሳቸው የቀመሙት፣ በገዛ እጃቸው በብልቃጥ የሞሉት ዘይት ነው። መርማሪ ሲባል ሁልጊዜ ከውጭ መጥቶ የሌላውን ጥፋት የሚያይ ነው። እዚህ ግን መርማሪው የገዛ መደርደሪያውን ነው የሚፈትሸው። መድኃኒት ስታቀብል የኖረች ሴት ይሄ ፍርሃት አንዴ እንኳ ሳያልፍባት ይቀራል? አይመስለኝም። መጽሐፉ በ1980 የብሪታንያ የወንጀል ደራሲያን ማኅበርን የብር ጩቤ ሽልማት አግኝቷል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ መነሻም እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1138 ሮበርት የሚባል የገዳሙ ሹም፣ በማዕረግ ከአበምኔቱ ቀጥሎ ያለ፣ ገዳማችን የራሱ ቅዱስ የለውም ብሎ ወደ ዌልስ ወረደና የቅድስት ዊኒፍሬድን አፅም ከግዊዘሪን አፍልሶ አመጣ። ስለ ፍልሰተ አፅሙም ራሱ ጽፏል። ደራሲዋ ይሄን ወስዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረችበት፤ የመንደሩ ሰው ቅድስታችንን አንሰጥም ቢልስ? ከዚያ እምቢ ያለው ባላገር ደረቱ ላይ ቀስት ተሰክቶ ይገኛል። የሮበርትን ትዕቢት የምትስልበት መንገድ ደግሞ ሳቅ በሳቅ ነው ያደረገኝ። ሰውየው በእውኑ ዓለም 800 ዓመት ተከብሮ ኖሮ በእሷ እጅ ወደቀ።

ጉድለቷንም ልናገር። በየመጽሐፉ የሚዋደዱ ሁለት ወጣቶች አሉ፣ በየመጽሐፉ አባ ካድቫይል ያጋቧቸዋል። አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ገና መልከ መልካም ልጅ ሲገባ «አሃ፣ ይሄ ገዳይ አይደለም» ትላላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናችሁ። አካሄዷም ዝግ ያለ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች በትዕግሥት መያዝ ያስፈልጋል። ደግሞም አሻራ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፤ ያለው ዓይን፣ አፍንጫና ሰውን ማወቅ ነው። ለኔ ጥሩነቱ እሱ ነው፣ አንዳንድ ጓደኞቼ ግን አሰልቺ ነው ብለው መልሰውልኛል።

በ17 ዓመት 20 ልብወለድ ጻፈችላቸው። በ1994 ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፣ ዴሬክ ጃኮቢ ነው የሚሠራቸው፣ ቀረጻው ሃንጋሪ ነው። ጃኮቢ ግሩም ነው፣ ግን መጽሐፉ ይሻላል (ይሄን ማለት ደስ ይለኛል)። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ሽሩስበሪ ውስጥ ቆሟል፣ ለእሷ መታሰቢያ የተሠራ ባለቀለም የመስታወት መስኮትም አለው። በ1830ዎቹ ግን ቶማስ ቴልፎርድ የሚባለው መሐንዲስ መንገዱን በገዳሙ ፍርስራሽ መሃል ሰንጥቆ አሳልፎታል። መነኮሳቱ ይመላለሱበት በነበረው ግቢ ዛሬ መኪና ያልፋል።

የት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከሁለተኛው ጀምሩ፣ ከ95ኛው አስከሬን። የመጨረሻውን ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ያላነበባችሁ ከዚህ በታች ያለውን ዝለሉት።

በ20ኛው መጽሐፍ አባ ካድቫይል ልጃቸው መታሰሩን ይሰማሉ። አዎ ልጅ አላቸው፣ ከመመንኮሳቸው በፊት የወለዱት። አበምኔቱ የሰጧቸው ፈቃድ ያልቃል፣ እሳቸው አይመለሱም። መሐላቸውን አፍርሰው ልጃቸውን ፍለጋ ይቀጥላሉ። ነገሩ ሲያልቅ ብቻቸውን በፈረስ ወደ ሽሩስበሪ ይመለሳሉ፣ ማንንም ሳያናግሩ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው፣ ድንጋዩ ወለል ላይ እጃቸውን ዘርግተው በግንባራቸው ይደፋሉ። ሌሊቱን እንደዚያው ያሳልፋሉ። ሲነጋጋ አበምኔቱ መጥተው ይበቃል ተነሣ፣ ከወንድሞችህ ጋር ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ግባ ይሏቸዋል።

መጽሐፉ በ1994 ወጣ። እሷ በጥቅምት 1995 አረፈች፣ 82 ዓመቷ ነበር።