ከኋላ ወንበር ላይ

ዛሬ ጠዋት ክፍት ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ አንጋፋውን መምህር ጋሼን አስፈቅጄ እሳቸው የሚያስተምሩበት 7ኛ ክፍል ገባሁ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ስለ ጣና ነበር። እኔም ባለፈው ሳምንት ለሌላው ሴክሽን አስተምሬዋለሁ። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስገልብጬ ወጣሁ።

ጋሼ ጠመኔ እንኳ አላነሱም። "ታንኳ ላይ የወጣ ማን ነው?" አሉ። አንድ ትንፍሽ የማይል ልጅ አለ፤ አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነው። እጁን አወጣ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እንዴት እንደሚታሰር፣ ታንኳው ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ፣ ለምን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ አስረዳ። ሌላ ቀን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም!

ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጡ። "ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ሁሉም ጣና ይገባሉ። የተፈጥሮ መውጫው ግን አባይ ብቻ ነው። የገባው ውሃ ሁሉ በአባይ ይወጣል?" ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼም ዝም አሉ። እኔ ብሆን ወዲያው መልሱን እነግራቸው ነበር። እሳቸው ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ "ፀሐይም ትጠጣዋለች" አለች። ትነት የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ የጻፉት ያኔ ነው።

ስንወጣ ልጁ እንደሚናገር እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። "ታላቅ ወንድሙንም አስተምሬያለሁ። እሱም ስለ ሐይቁ ካልጠየቅከው አይናገርም ነበር" አሉኝ። ይሄ በየትኛው ሥልጠና ይገኛል?

60 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ናቸው የቀሩት። ከዚያ ጡረታ ነው። ሳስበው ሆዴ ይባባል። የነገውንም አስፈቅጃለሁ፤ 4ኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እገባለሁ።