ቁጥሩ ከወንበሩ ስር ነው

እንግሊዝ አገር የምሠራው ከውጭ ለሚገቡ አሮጌ መኪኖች ታርጋ ማስወጣት ነው። ባለመኪናው ወረቀቶቹን ያመጣልኛል፣ እኔ ፋይሉን አሟልቼ ስዋንሲ ከተማ ላለው የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ እልካለሁ። ብዙ ሰው ሥራዬን ቅጽ መሙላት ብቻ አድርጎ ያየዋል።

አንድ ጋሼ ከአሜሪካ የ1968 ቮልስ አስመጡ። ፋይላቸው ያስቀናል። መኪናው ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ምርቱ ቆሟል፣ ምንም አልተቀያየረበትም። ስለዚህ በሰብሳቢዎች ዕቃ ደረጃ ነው የገባው፤ ቀረጥ የለበትም፣ ቫቱም 5 በመቶ ብቻ ነው። መኪና በገባ በ14 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መታወቅ አለበት፤ እሱንም በጊዜው ጨርሰዋል። የቀረው መላክ ብቻ ነበር።

የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ሊብሬው ላይ ዘጠኝ አኃዝ አለው፣ የሚጀምረውም በ113 ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። 3 ከሆነ 1973 ማለት ነው። የ1973 ቮልስ ደግሞ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው። ሊብሬው ራሱ ደግሞ ሞዴሉ 1968 ነው ይላል። እንዲህ ያለ መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንልከውም። መጀመሪያ መኪናውን ልየው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የመርከቡም የጉምሩኩም ወረቀት እኮ አንድ ዓይነት ነው!»

እውነታቸውን ነው። አንድ ዓይነት የሆነው ግን ሁሉም ከሊብሬው ስለተገለበጠ ነው። ብረቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ቮልስ ላይ ዋናው ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ስር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ሻንሲ ላይ ነው። ወንበሩን አነሳን። የድሮ ቀለምና አቧራ ተጋግሮበታል። እዚህ ጋ መቸኮል አያስፈልግም። ግራይንደር፣ የብረት ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚባል ነገር መቅረብ የለበትም፤ ቁጥሩን የፋቀ ሰው የመኪናውን ማስረጃ ነው የሚፍቀው። ቀለም ማስለቀቂያ ጨርቅ ላይ ነክሬ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። የእጅ ባትሪውን ከጎን አበራሁ። ከላይ ሲበራ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ አኃዝ ጥላ ይጥላል። ሦስተኛው 8 ነው! የግራ ጎኑን ቀለም ስለሞላው ለቸኮለ ዓይን 3 ይመስላል። ከፊት ኮፈኑ ስር ያለው ፕሌትም 118 ይላል።

መኪናውን ያቆየላቸው መካኒክ አብሮን ነበር። «ይሄማ ቀላል ነው፣ ብረቱ ላይ 3 አድርገን እንምታውና ከወረቀቱ ጋር ይግጠም» አለ። ጋሼን ከወጪና ከውጣ ውረድ ሊያድናቸው ብሎ ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። የሻንሲ ቁጥሩ የተነካካ መኪና በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በስርቆት ነው። ማንነቱ ወይም ዕድሜው ካልተረጋገጠ ደግሞ በኪው የሚጀምር ታርጋ ነው የሚሰጠው። ስንት ዓመት ምንም ሳይነካ የኖረ መኪና በአንድ መዶሻ ታሪኩን ሊያጣ ነው።

መስተካከል ያለበት ወረቀቱ ነው፤ ያውም ከሥሩ። የብረቱን ፎቶ አያይዘን ሊብሬውን ከሰጠው የአሜሪካ ቢሮ እርማት ጠየቅን። ቮልፍስቡርግ ለሚገኘው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ደግሞ የምርት ቀን ማረጋገጫ እንዲሰጠን ጻፍን። ሁለቱ ሲደርሱን ለግብር መሥሪያ ቤቱ የተላከውንም አስተካከልን። ጊዜ ፈጀ። ጋሼ ሲደውሉ ድምፃቸው እየጠነከረ መጣ፤ አልፈርድባቸውም፣ ገንዘባቸው መኪናው ላይ ቆሟል።

ማረጋገጫው መኪናው የተመረተው ኅዳር ላይ፣ በፈረንጆቹ 1967 እንደሆነ ይናገራል። ጋሼ እንደገና ስጋት ገባቸው፤ ሊብሬው 1968 ነው የሚለው። ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም። የቮልስ የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ስለነበር በ1967 መጨረሻ የወጣው መኪና የ1968 ሞዴል ነው። እንግሊዝም ያኔ የመኪናውን ዓመት የሚናገረውን የታርጋ ፊደል የምትቀይረው በነሐሴ ነበር፤ ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 ያለው ኤፍ ነው። ታርጋቸውም በኤፍ የሚያልቅ ሆኖ መጣ። የፊት መብራቱ ብቻ ቀረ፤ የአሜሪካው ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል በግራ ለሚነዳ አገር አይሆንም፣ እሱ ግን የጋራዥ ሥራ ነው።

አሁን ማንም ሰው አሮጌ መኪና ከውጭ ላስመጣ ነው ብሎ ሲደውልልኝ፣ ሊብሬውን ከማየቴ በፊት የብረቱን ቁጥር ፎቶ እጠይቃለሁ። ብርሃኑ ከጎን ይሁን፣ ቁጥሩ ከነዙሪያው ይታይ። ሻጩ ወንበር ማንሳት ከሰለቸው ብሩን ገና አትላክ እላለሁ።